ፋሲካን ከትንንሽ ልጆች ጋር፦ የትኛው ቀን፣ የትኛው ሰዓት፣ የትኛው ጾም?

ለልጅ ስለ ክርስቶስ ለመንገር ከሆሳዕና እስከ ዳግም ትንሣኤ ካሉት 15 ቀናት የተሻለ ጊዜ በዓመቱ ውስጥ አይገኝም። የሚነካ፣ የሚሸተት፣ የሚቀመስ ነገር ሞልቷል፤ ዘንባባው፣ ጉልባኑ፣ ቄጤማው፣ ጧፉ፣ ዕንቁላሉ። የሚያስቸግረው ብዛቱ ነው። ሥርዓቱ የአዋቂ ጉልበት ይጠይቃል፤ ዓርብ ከጠዋት እስከ ማታ ስግደት፣ ቅዳሜ ሌሊት ማኅሌትና ቅዳሴ። የሦስት ዓመት ልጅ ይዞ ሁሉንም ልከታተል ያለ ቤተሰብ፣ ልጁ ከሳምንቱ የሚይዘው ድካሙንና የወላጁን ቁጣ ይሆናል። ሁሉንም ትቶ ልጁን ከሞግዚትና ከቴሌቪዥን ጋር ያዋለ ደግሞ፣ ፋሲካን የአዲስ ልብስና የዶሮ ወጥ ቀን አድርጎ ያስቀርበታል።

ስለዚህ መምረጥ ግድ ነው። ምክራችን ባጭሩ ይህ ነው፦ ልጁ 7 ዓመት እስኪሞላው በየዓመቱ ሁለት ቀን ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ ሥርዓት ደግሞ ቤት ውስጥ፤ በቀሩት ቀናት ወላጆች እየተፈራረቁ ይሂዱ። ቀኖቹን ያወዳደርነው ልጁ በዚያ ቀን በእጁ የሚሠራው ነገር አለው ወይስ ቆሞ ከማየት በቀር ድርሻ የለውም በሚል ነው። በዚህ ዕድሜ ልጅ የሠራውን እንጂ የሰማውን ስብከት አይዝም። ሌላ ካልተባለ በቀር ሰዓቱ በሀገራችን አቆጣጠር ነው።

ሆሳዕና ወይስ ቀዳም ሥዑር?

ቤተ ክርስቲያን ልትወስዱት የምትችሉት አንድ ቀን ብቻ ቢሆን፣ ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ ቀዳም ሥዑርን (የትንሣኤ ዋዜማ ቅዳሜን)፣ ከዚያ በላይ ላለው ሆሳዕናን ምረጡ።

ሆሳዕና ልጆች በስማቸው የተነሡበት በዓል ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 21 በቤተ መቅደስ ውስጥ «ሆሣዕና ለዳዊት ልጅ» እያሉ የጮኹት ልጆች ናቸው፤ የካህናት አለቆችም ተቆጡ፤ ጌታ ግን ልጆቹን ደገፈ። ይህችን ክፍል ቅዳሜ ማታ አንብቡለት፤ ሲነጋ ዘንባባውን የሚይዘው ምን እንደሚያደርግ ዐውቆ ነው። ፈተናው የቀኑ ርዝመት ነው። ዑደት (ቤተ ክርስቲያኑን መዞር) አለ፣ በአራቱ ማዕዘን ወንጌል ይነበባል፣ ቅዳሴው ይከተላል፤ በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት (ለሙታን የሚደረግ ጸሎት) ስለማይደረግም ከቅዳሴው በኋላ ጸሎተ ፍትሐት አስቀድሞ ይደርሳል። ስለዚህ ዑደቱ ስንት ሰዓት እንደሚጀመር ከሰንበት ትምህርት ቤቱ ወይም ከደብሩ ጽሕፈት ቤት በሳምንቱ ውስጥ ጠይቁ። ልጁ ቁርስ በልቶ፣ ሽንት ቤት ሄዶ ዑደቱ ላይ ይድረስ። ፍትሐቱ ሲጀመር አንዳችሁ ይዛችሁት ውጡ። የሚቆርብ ልጅ ከሆነ ግን ቅዳሴው ከመጀመሩ በፊት መድረስ አለባችሁ፤ የቁርሱም ነገር ሌላ ነው፤ ወደ ታች እንመለስበታለን።

የዘንባባ ቀለበት የልጁ ድርሻ ይሁን። ወርዱ የትንሽ ጣት ግማሽ የሚሆን፣ ርዝመቱ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ስንጥቅ ያዙ። በልጁ ጣት ላይ ሁለት ጊዜ ጠምጥሙት፤ አንዱን ጫፍ ከጥምጥሙ ሥር አሾልካችሁ ሳቡት፤ የተረፈውን ቁረጡት ወይም በመስቀል ቅርጽ አጥፉት። ሦስት ነገር ያበላሸዋል። አንደኛ፣ ዘንባባው ከደረቀ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፤ ቤት እስክትደርሱ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉት። ሁለተኛ፣ የቅጠሉ ጠርዝ እንደ ወረቀት ይቆርጣል፤ ስንጠቃውን እናንተ ሥሩ፤ ጥምጠማውን ልጁ ይሥራ። ሦስተኛ፣ ቅጠሉ ሲደርቅ ስለሚጠብቅ በትንሽ ጣት ላይ ደም ያግዳል፤ በቀላሉ የሚወልቅ አድርጉት፤ ሲተኛም አውልቁለት። የተረፈውን ዘንባባ ከሥዕለ አድኅኖው (ከቅዱሱ ሥዕል) አጠገብ አኑሩት፤ ልጁ ሳምንቱን ሙሉ እያየው ይጠይቃል፤ መልስ የምትሰጡበት አጋጣሚም ይኸው ነው።

ቀዳም ሥዑር ጠዋት የሚደረገው አጭር ነው፤ ደስታም አለበት። ቄጤማ ይታደላል፤ «ገብረ ሰላም በመስቀሉ፣ ትንሣኤሁ አግሃደ» (በመስቀሉ ሰላምን አደረገ፣ ትንሣኤውን ገለጠ) ይባላል፤ ሰው ሁሉ ቄጤማውን በግንባሩ ዙሪያ ያስራል። በብዙ ሰፈር ካህናትና ዲያቆናት ቃጭል እያሰሙ በየቤቱ ያድላሉ። ለሁለት ዓመት ልጅ ከዚህ የሚቀርብ ሥርዓት የለም፤ ይሰጠዋል፣ ይቀበላል፣ ራሱ ላይ ያስራል፣ ሲያደርግም ሁሉም ፈገግ ይልለታል። የምትነግሩት ታሪክም ቀላል ነው፤ የጥፋት ውኃ ማለፉን ርግቧ ለኖኅ በለመለመ ቅጠል እንዳበሠረችው፣ እኛም የትንሣኤውን ብሥራት በቄጤማ እንቀበላለን። ካህናቱ ወደ ቤታችሁ የሚመጡ ከሆነ በር የሚከፍተው ልጁ ይሁን፤ የምትሰጡትንም ገንዘብ በእጁ አስይዙት። ቄጤማውን ከኋላ በአንድ ቋጠሮ ብቻ እሰሩለት። በአንገቱ ላይ ግን አትሰሩለት፤ ሕፃን ሲተኛ ወይም ሲሮጥ የሆነ ነገር ላይ ሊያዝ ይችላል።

ጸሎተ ሐሙስ፦ ቤት ይሻላል

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ላይስማማ ይችላል፤ ግን ከ7 ዓመት በታች ላለ ልጅ ሐሙስ ቤት ውስጥ ይበልጥ ይሠራል። ሕጽበተ እግሩ (የእግር ማጠብ ሥርዓቱ) በቤተ ክርስቲያን ሲከናወን ሕዝቡ ብዙ ነው፤ አጭር ቁመት ያለው ልጅ የሰው ጀርባ ብቻ ያያል። ቤት ውስጥ ግን ውኃው የራሱን እግር ይነካዋል።

አደራረጉ እንዲህ ነው። ማታ ከራት በፊት በሳፋ ለብ ያለ ውኃ ቅዱ፤ ሁለት ፎጣ አዘጋጁ። ከዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ከቁጥር 4 እስከ 15 ያለውን ቀስ ብላችሁ አንብቡ። መጀመሪያ የቤቱ ትልቅ ሰው፣ አባት ወይም አያት፣ ዝቅ ብሎ የታናሹን ልጅ እግር ያጥባል፤ ያደርቃል። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት። ልጁ ትልቁ ሰው ለእርሱ ሲንበረከክ ካላየ፣ የሚማረው የተለመደውን ለታላቅ መታዘዝ ብቻ ነው፤ የዚያ ማታ ነገር ግን ጌታ ለደቀ መዛሙርቱ ዝቅ ማለቱ ነው። ከዚያ ልጁ ያጠበውን ሰው ወይም ወንድሙን ያጥብ። ቤት ውስጥ የምትሠራ እኅት ካለች የእርሷም እግር ይታጠብ፤ ልጆች ይህን አይረሱም። ሁሉም ከ10 ደቂቃ አይለፍ። ውኃው ከበዛ ጨዋታ ይሆናል፤ ቁርጭምጭሚት ከሸፈነ በቂ ነው።

ጉልባኑ ረቡዕ ማታ ይጀመራል። ለአምስት ሰው ግማሽ ኪሎ የተፈተገ ስንዴና ሩብ ኪሎ ባቄላ ይበቃል፤ ለየብቻ ይዘፈዘፋሉ፤ 12 ሰዓት ያህል ይደሩ። ሐሙስ ጠዋት የረጠበውን የባቄላ ልጣጭ መግፈፍ የልጁ ሥራ ነው፤ ከአራት ዓመት ጀምሮ በደንብ ይችሉታል፤ ሥራውም ግማሽ ሰዓት ጸጥ አድርጎ ያስቀምጣቸዋል። ሲቀቀልም ለየብቻ ነው። ስንዴው ከባቄላው ይበልጥ ስለሚቆይ አንድ ላይ ከተጣዱ ባቄላው ሲፈርስ ስንዴው ገና ጥሬ ነው። ሁለቱም ሲበስሉ ይቀላቀላሉ፤ ጨው መጨረሻ ላይ ይገባል። ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን ሙሉውን ፍሬ አትስጡት፤ ባቄላም ስንዴም ጉሮሮ ላይ ይቀራል። በሹካ አድቅቁለት።

ስቅለት፦ ሙሉ ቀን፣ ከፊል ወይስ ቤት?

በሰሙነ ሕማማት ከባዱ ምርጫ ይህ ነው። ሙሉ ቀን ከ9 ወይም 10 ዓመት በታች አንመክርም። ዓርብ ቤት ማዋል ደግሞ የሚያስቀረው ብዙ ነው፤ አንድ ጉባኤ ሁሉ በግንባሩ ሲደፋ ማየትን የሚተካ ሥዕል የለም። መካከለኛው መንገድ ከ8 ሰዓት ተኩል ደርሶ እስከ 10 ሰዓት መቆየት ነው። 9 ሰዓት ጌታ ነፍሱን በፈቃዱ የሰጠበት ሰዓት ነውና ልጁ ከቀኑ ሁሉ ዋናው ላይ ይገኛል።

እዚህ ላይ የሀገራችን የሰዓት አቆጣጠር ትልቅ ስጦታ ነው። ማቴዎስ ምዕራፍ 27 «ከስድስት ሰዓትም ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ» ጨለማ ሆነ ሲል፣ ልጁ ግድግዳው ላይ ባለው ሰዓት የሚያነበው ያንኑ ነው። ቤት የሚውል ልጅ ካለ ከወረቀት ሰዓት ሥሩለት፤ በ3፣ በ6፣ በ9 እና በ11 ሰዓት ለየብቻ አንዳንድ ዓረፍተ ነገር ንገሩት፦ ተፈረደበት፤ ሰቀሉት፤ ሞተ፤ ዮሴፍና ኒቆዲሞስ አወረዱት። በየሰዓቱ አብራችሁ ሦስት ጊዜ ስገዱ፤ ከዚያ ወደ ጨዋታው ይመለስ። አንድ ሰዓት ሙሉ ቁጭ አድርጎ ከማስተማር ይህ ይበልጣል።

ስግደቱን በቁጥር አታስገድዱት። «ኪርያላይሶን» (አቤቱ ማረን) ሲባል ከወደደ ይሰግዳል፤ ከደከመ ይቀመጣል። የሚያስፈራቸውን ነገር ግን አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ሥዕለ ስቅለቱ በጥቁር መጋረጃ መካከል ይቆማል፤ ትልልቅ ሰዎች ያለቅሳሉ፤ ማታ ካህናት በወይራ ቅጠል የሰውን ጀርባ ይጠበጥባሉ። ያልተነገረው ልጅ ካህኑ እየገረፈ ይመስለውና በቀጣዩ ዓመት አልሄድም ይላል። በዚህ ሳምንት የተለመደው መስቀል መሳለምም ስለሌለ፣ ልጁ ወደ ካህኑ ሮጦ ባዶ እጅ ሲመለስ እንዳይከፋው ይህንንም ንገሩት።

የትንሣኤ ሌሊት፦ ሦስት አማራጮች

የትንሣኤ ቅዳሴ ሌሊት ነው፤ በአብዛኛው ደብር እስከ ሌሊቱ 8 ወይም 9 ሰዓት ይቆያል። እሑድ ጠዋት እንደ ሌላው ሰንበት ተመልሶ የሚቀደስ አይምሰላችሁ፤ እንተኛና ጠዋት እንወስደዋለን የሚል ዕቅድ ብዙውን ጊዜ ባዶ አጸድ ላይ ያደርሳል።

የመጀመሪያው አማራጭ ሌሊቱን ሙሉ ነው። ከ7 ዓመት በላይ ላለ ልጅ ይሆናል፤ ግን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት መተኛት አለበት። ቄጤማውን ይዞ ሲሯሯጥ የዋለ ልጅ ሌሊት 5 ሰዓት ላይ ይወድቃል፤ ዋናውንም ሰዓት አያይም። የሚገርመው፣ ጡት የሚጠባ ሕፃንም ለዚህ አማራጭ ምቹ ነው፤ ታዝሎ በጋቢ ተሸፍኖ ያድራል። የሚያስቸግሩት ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሦስት ዓመት ያሉት ናቸው፤ ለመታዘል ከብደዋል፤ ለመቀመጥ አልበሰሉም።

ሁለተኛው ዘግይቶ መድረስ ነው፤ ከ4 እስከ 6 ዓመት ላሉት የምንመርጠው ይህን ነው። ልጁ በ1 ሰዓት ማታ ይተኛል፤ ትንሣኤው ከሚታወጅበት አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ይቀሰቀሳል፤ ልብሱን ለብሶ ስለተኛ ጫማና ጋቢ ብቻ ይጨመርለታል። ሰዓቱ ደብር ከደብር ስለሚለያይ አስቀድሞ መጠየቅ ግድ ነው። የሚበላሸው መጓጓዣ ላይ ነው፤ ሌሊት ታክሲ የለም፤ መኪና የሌለው ሰው ይህን አማራጭ የሚይዘው ደብሩ በእግር የሚደረስ ከሆነ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ቤት ነው። አንዱ ወላጅ ይሄዳል፤ ሌላው ከልጆቹ ጋር ይቀራል፤ ቤተ ክርስቲያን የሄደው ሲመለስ ልጆቹ ይቀሰቀሳሉ። መብራት ይጠፋል፤ አንድ ጧፍ ይበራል፤ ከዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 20 መግደላዊት ማርያም ጌታን አትክልተኛ መስሏት የተነጋገረችበት ይነበባል፤ ከዚያ አዋጁ ይባላል፦

ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን — በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን
አሰሮ ለሰይጣን — አግዐዞ ለአዳም
ሰላም — እምይእዜሰ
ኮነ — ፍሥሐ ወሰላም

አንዱ ይላል፤ ሌላው ይመልሳል። የሦስት ዓመት ልጅ «እምይእዜሰ»ን ብቻ ይያዝ፤ አምስት ዓመት የሞላው አራቱንም መልስ ይችላል። ትርጉሙን በአማርኛ አንድ ጊዜ ንገሩ፤ ክርስቶስ በታላቅ ኃይልና ሥልጣን ከሙታን ተነሣ፤ ሰይጣንን አሰረው፤ አዳምን ነጻ አወጣው፤ ከእንግዲህ ሰላምና ደስታ ሆነ። ከዚያ በኋላ ግዕዙን ብቻ ደጋግሙት፤ ቤተ ክርስቲያን የሚሰማው እርሱን ነውና።

ለሚሄዱት የሚያስፈልገው፦ ጋቢ ለየልጁ፣ ወፍራም ካልሲ፣ መቀመጫ ሰሌን ወይም ምንጣፍ፣ የጫማ ፌስታል፣ ውኃ፣ የሚቀየር ልብስ። የወላጅ ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት በልጁ ኪስ ይግባ፤ ብትጠፋፉ የምትገናኙበት ቦታም፣ ለምሳሌ ደጀ ሰላሙ፣ ገና በብርሃን ይታይ። በቤተ መቅደሱ ውስጥ ሴቶችና ወንዶች የሚቆሙበት ስለሚለያይ የትኛው ልጅ ከማን ጋር እንደሚሆን ቤት ውስጥ ወስኑ፤ ውስጥ ገብቶ በምልክት መጠራራት ሰውንም ይረብሻል።

ስለ ጧፍ በተለይ እንናገር። የጥጥ ነጠላ በቀላሉ እሳት ይይዛል፤ ሌሊት በተጨናነቀ ቦታ የሚነደውን ጧፍ የያዘው ልጅ ብቻ ሳይሆን ከኋላው የቆመውም አደጋ ላይ ነው። ከ5 ዓመት በታች ያልበራ ጧፍ ይያዝ፤ ሲበራ የወላጅ እጅ በእጁ ላይ ይሁን። ከ5 በላይ ላለው በወፍራም ወረቀት መካከል ቀዳዳ አበጅታችሁ ጧፉን አሾልኩለት፤ ሰሙ እጁ ላይ አይንጠባጠብም። የሴት ልጅ ፀጉር ይታሰር፤ ነጠላዋም ከፊት ይጠመጠም እንጂ አይንጠልጠል።

ልጅን ማቁረብ፦ በዚያ ሌሊት ወይስ በሌላ ቀን?

በቤተ ክርስቲያናችን ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ተጠምቀው ያን ዕለት ይቆርባሉ፤ ከዚያም ሕፃናት ይቀጥላሉ። በትንሣኤ ሌሊት ማቁረብ ክብር ነው፤ ነገር ግን ሰልፉ ረጅም ነው፤ ልጁ እንቅልፍ ላይ ነው፤ ሕፃን ካለቀሰ ቅዱስ ደሙን ለመቀበል ያስቸግራል። ቀን ላይ በሚቀደስባቸው በዓለ ሃምሳ ሰንበታት ማቁረብ ለብዙ ቤተሰብ ይቀላል። አዋቂ ለቁርባን 18 ሰዓት ይጾማል፤ ለሕፃን ግን እንደ ዕድሜው ስለሚለያይ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ የንስሐ አባትን ጠይቁ፤ በጎረቤት ምክር አትወስኑ። ልጁ የሚያስመልሰው ወይም ሆዱን የታመመ ከሆነ ያን ቀን ይለፈው። ከቆረበ በኋላ ጠበል ይጠጣ፤ አፉን በነጠላ ሸፍኑለት።

ጾሙ፦ ምንም፣ በከፊል ወይስ ሙሉ?

በልማድ ልጅ ጾም የሚለማመደው ከ7 ዓመት ጀምሮ ነው። ከዚያ በታች ላለ ልጅ 55ቱን ቀን ወተትና ዕንቁላል መከልከል አያስፈልግም፤ እያደገ ያለ ሰውነት ይጎዳል። ምንም አለማድረግ ግን ልጁ ከቤቱ ሰው የተለየ እንዲመስለው ያደርገዋል። ከ4 እስከ 6 ዓመት ያለ ልጅ ራሱ የመረጣትን አንድ ነገር፣ ከረሜላ ወይም ካርቱን፣ በሰሙነ ሕማማት ብቻ ይተው፤ የከረሜላው ገንዘብ ወደ አንድ ጣሳ ይግባ፤ ቅዳሜ ጠዋት ልጁ ራሱ ለነዳያን ይስጥ። ጾም ያለ ምጽዋት ለልጅ ክልከላ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ከ7 እስከ 9 ዓመት ያለው በሰሙነ ሕማማት የጾም ምግብ ይብላ፤ ምሳ ሰዓቱ ግን አይዛወርበት፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ለውዝ በደንብ ይመገብ። ልጅ ቢረሳና ቢበላ አትቆጡ፤ በቁጣ የተማረውን ጾም ጎረምሳ ሲሆን ይጥለዋል።

የፍስኩም ጠዋት ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሲጾም የከረመ ልጅ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ቅቤ የበዛበት ዶሮ ወጥ ቢበላ ጠዋት ሆዱን ይዞ ያለቅሳል። ዕንቁላሉን፣ ጥቂት መረቅና አይብ በትንሽ እንጀራ ስጡት፤ ሥጋው ለምሳ ይቆይ። ለዶሮው የሚገቡትን ዕንቁላሎች መላጥና በቢላ ጫፍ ሳይሆን በሹካ መብጣት የልጅ ሥራ ነው።

ስቅለቱን እንዴት እንንገር?

ፊልም፣ ሥዕል ወይስ ቃል? ከ10 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ የሕማማት ፊልም አታሳዩ፤ ግርፋቱና ደሙ ዐይኑ ላይ ይቀራል፤ ፍቅሩ ግን አይገባውም። ሥዕለ አድኅኖ ከሁሉ ይሻላል፤ ሕመሙን ይናገራል፤ ግን አያስፈራም። ለሦስት ዓመት ልጅ ሞቱንና ትንሣኤውን በአንድ ትንፋሽ ንገሩት፤ «ሞተ፤ በሦስተኛው ቀን ግን ተነሣ»። ዓርብ ሞቱን ነግራችሁ እሑድን ብትጠብቁ ልጁ ሁለት ሌሊት ፈርቶ ያድራል።

«ለምን ገደሉት?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ሁለት መልስ እንዳትሰጡ። አንዱ «አይሁድ ገደሉት» ነው፤ ጌታም፣ እመቤታችንም፣ ሐዋርያትም ከዚያው ሕዝብ ናቸው፤ ልጁ ከዚህ መልስ ሕዝብ መጥላትን ነው የሚማረው። ሌላው «አንተ ስለምታጠፋ ነው» የሚለው ነው፤ የአምስት ዓመት ልጅ ይህን እንደ ቃሉ ይይዘውና ራሱን ገዳይ ያደርጋል። «ስለሚወደን ራሱ ፈቅዶ ሞተልን፤ ሞትንም አሸነፈው» በቂ ነው።

በውጭ ሀገር ላሉ

የትምህርት ቤቱ ፋሲካና የእኛ ፋሲካ ይለያያሉ። በእኛ አቆጣጠር በ2017 ዓ.ም. በአንድ ቀን ዋሉ፤ በ2018 የአንድ ሳምንት ልዩነት ነበረ፤ በ2019 ደግሞ የምዕራባውያኑ መጋቢት 19፣ የእኛ ሚያዝያ 24 ነው፤ አምስት ሳምንት። ልጁ ጾሙ በገባ በሦስተኛው ሳምንት የቸኮሌት ዕንቁላል ይዞ ይመጣል። መጣል፣ ማስበላት ወይስ ማቆየት? ማቆየቱ ይሻላል፤ በጣሳ ይቀመጥ፤ የእኛ ፋሲካ ሲደርስ ይብላው። አይሰረቅበትም፤ የሚጠብቀውም ቀን የቤተ ክርስቲያኑ ይሆናል። ለስቅለት ዓርብ ፈቃድ የምትጠይቁ ከሆነ ቀኑ ለመምህሯ አዲስ ስለሆነ ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት በጽሑፍ አሳውቁ።

ደብር ሩቅ ለሆነበት ቤተሰብ የአዲስ አበባ ቀጥታ ሥርጭት ለአሜሪካ ልጆች ሳይታሰብ የተመቸ ነው። አዲስ አበባ ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን በፈረንጅ ሰዓት አቆጣጠር ቅዳሜ ከምሽቱ 5 እስከ 8 ሰዓት ነው፤ ልጁ ሳይተኛ ትንሣኤው ይታወጃል። በለንደን ሁለት ሰዓት፣ በሮምና በስቶክሆልም አንድ ሰዓት ብቻ ወደ ኋላ ስለሆነ ያው ሌሊት ነው፤ በዱባይ ደግሞ አንድ ሰዓት ወደ ፊት። ሥርጭቱን ቁጭ ብሎ እንደ ፊልም ከማየት፣ ጫማ አውልቃችሁ ቆማችሁ፣ ጧፍ ይዛችሁ፣ ሲታወጅ አብራችሁ መልሱ።

ከፋሲካ በኋላ ያለው ሳምንት

ብዙ ቤተሰብ እሑድ ከሰዓት በኋላ ያቆማል፤ በእኛ ግምት ግን ለደከመ ወላጅ ምርጡ ዕድል ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ጾም የለም፣ ስግደት የለም፣ ሌሊት መቆም የለም፤ ቀኖቹ ግን ስም አላቸው፦ ሰኞ ማዕዶት (መሻገር)፣ ማክሰኞ ቶማስ፣ ረቡዕ አልዓዛር፣ ሐሙስ አዳም፣ ዓርብ ቤተ ክርስቲያን፣ ቅዳሜ ቅዱሳት አንስት፣ እሑድ ዳግም ትንሣኤ። በየማታው አዋጁን አንድ ጊዜ ተባብላችሁ የቀኑን ታሪክ በሦስት ዓረፍተ ነገር ንገሩ። የሰሙነ ሕማማቱን ሳምንት በሕመም ወይም በሥራ ያጣ ቤተሰብ ከዚህ ሳምንት ቢጀምር አልዘገየም። ማክሰኞ የቶማስን ጥርጣሬና ጌታ ሳይቆጣ እጁን እንዳሳየው የሰማ ልጅ የራሱን ጥያቄ ለመጠየቅ አይፈራም። ሁለቱን ብቻ ልያዝ ካላችሁ ማክሰኞንና ቅዳሜን ያዙ፤ ቅዳሜ ሴቶች ልጆች ትንሣኤውን ቀድመው ያዩትና የተናገሩት ሴቶች መሆናቸውን በስም ይስሙ። አዋጁን እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ከጸሎት በፊት መድገም ትችላላችሁ፤ በሌሊቱ ያልያዘውን መልስ እዚያ ይይዘዋል።